የደቦው ዳቦ

ተረት ተረት፣ የጎረቤት ጉድ አለበት።

ጅብ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበረው፤ የሰፈሩ አራዊት ሁሉ የሚያስፈጩት እሱ ጋ ነው። ጭሱ ደመናውን እያባረረ ዝናብ ጠፋ፣ ምንጩም ጎደለ። እዚያ ምንጭ ውስጥ እንቁላሎቿን የጣለችው እንቁራሪት አንድ ቀን እየጮኸች ወጣች።

«ኧረ በፈጣሪ! ቦይ ቀድደን በውኃ የሚዞር ወፍጮ እንሥራ። ይሄ ጭስ ካልቆመ ልጆቼ ማለቃቸው ነው!»

ሁሉም አዘኑላትና ደቦ እንውጣ ተባባሉ። የደቦው አለቃ ዝንጀሮ ግን፣ «እመት እንቁራሪት፣ ደቦ ያለ ዳቦ፣ ያለ ጠላ? የማዶ ጦጣዎች ምን ይሉናል!» አላት።

እናላችሁ፣ ለድግሱ የሚሆነውን እህል ተሸክመው የት ሄዱ ብትሉ ጥሩ ነው? ጅብ ወፍጮ ቤት! ጅቡ ጥርሱን ገልጦ፣ «ለደቦው ነው? እሰይ! ሌላውን ትቼ የእናንተን እፈጫለሁ» አላቸው። ወፍጮው ሳምንቱን ሙሉ ሲያጨስ ሰነበተ። ኧረ እኔስ ክው አልኩ! ከመሃላቸው አንድ እንኳ ቀና ብሎ ጭሱን ያየ የለም።

በደቦው ቀን ዳቦውን ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ምንጩ ጋ ደረሱ። እንቁራሪት በተሰነጠቀው ጭቃ ላይ ቁጭ ብላለች። እንቁላሎቿ ደርቀው ከጭቃው ጋር ተጣብቀዋል። ዝንጀሮ ደንግጦ ዳቦ ቆርሶ ዘረጋላት።

«እመት፣ እስቲ ይቅመሱ።»

እሷም ዳቦውን አየት አድርጋ፣ «ዱቄቱ እንዴት ልሟል!» አለች።

ተረቴን መልሱ፣ ዳቦውን ግን አትቁረሱ።