አንድ ነጠላ ጫማ ለሁለት ሴት

ተረቴን ልጀምር፤ የሚሰማ ወንበሩን ያስጠጋ፣ የማይሰማ ስልኩን ይዞ ይውጣ።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ማድሪድ ከተማ የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የሰው አሮጊት ስታጥብ አምስት ዓመት ቆይታ፣ በስድስተኛው የሦስት ቀን ዕረፍት አገኘች። ከባልንጀራዋ ከሽታዬ ጋር በርካሹ አውቶቡስ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ፤ ፔንሲዮን በሚሉት በርካሹ የእንግዳ ማረፊያ አረፉ፤ ዳቦ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ዕረፍቱን ጀመሩ። የመጀመሪያውን ቀን ተኝተው ዋሉ፤ ለካ የአምስት ዓመት እንቅልፍ ተጠራቅሞ ኖሯል። ሁለተኛውን ቀን ርካሽ ነጠላ ጫማ ሲፈልጉ ዋሉ። አገኙና፣ "እግራችን እኩል ነው፣ አንዱ ለሁለታችን ይበቃል" ብለው አንድ ብቻ ገዙ። ብልጦች!

ትርንጎ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ደብረ ታቦር ያሉት እናቷ፣ "ባሕር ጨው ነው የሚሉት እውነት ነው? ማን ጨመረበት? የሰው ወሬ አልፈልግም፤ ራስሽ ቀምሰሽ ንገሪኝ" ብለዋታል። እሷም ቃል ገብታለች። እናቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከእንግዲህ ባሕር የሚያዩት በልጃቸው ምላስ ነው።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ተመላሽ ነው። ትርንጎ አሸዋው ዳር ቆመች። በባዶ እግር እንዳትገባ አሸዋው ያቃጥላል፤ እግሯ ላይ ባለው የሠርግ ጫማ እንዳትገባ ተረከዙ ይሰምጣል። ነጠላ ጫማውን ያደረገችው ሽታዬ ቀድማ ገብታ፣ ሰው ጥሎት የሄደ ወንበር ላይ ተደላድላለች።

"አንቺ ሽታዬ! ጫማውን ወርውሪልኝ!"

"እግሬን የት ላድርገው፣ እትዬ? ጭንቅላቴ ላይ?"

"ወንበሩ ላይ ስቀይዋ!"

"በዚህ አጭር ቀሚስ? ሰው ምን ይለኛል!" ዙሪያዋን ያለው ሰው ሁሉ ራቁቱን ተጋድሟል፤ የሚታየው የሷ ጉልበት ነው። "ብነሳ ደግሞ ወንበሩ ይሄዳል። ፎጣ አምጪና ከእግሬ ሥር ላንጥፍ፤ ያኔ እወረውርልሻለሁ።"

እንግዲህ ፎጣ ካልመጣ ጫማ አይወረወርም፣ ጫማ ካልተወረወረ አሸዋ አይረገጥም፣ አሸዋ ካልተረገጠ ባሕር አይቀመስም።

ትርንጎ ወደ ፔንሲዮኑ ባለቤት ወደ ዶኛ ፒላር ሄደች። ይህቺ ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን፣ "ፎጣ ልስጥሽ?" ብላት ነበር። ትርንጎም እንደ አስተዳደጓ፣ "አይ፣ አትቸገሪ" አለችና እስክትለመን ጠበቀች። ዶኛ ፒላር ግን ቁም ሣጥኑን ዘግታ ሄደች። አሁንማ ትርንጎ ለመነች።

"ፎጣው ሁሉ ሰገነት ላይ ተሰቅሏል" አለች ዶኛ ፒላር። "የሰገነቱ ቁልፍ ባሌ የፓኮ ኪስ ውስጥ ነው። ፓኮ አደባባዩ ላይ ዶሚኖ ይጫወታል።"

ቁልፍ ካልመጣ ፎጣ አይወርድም፣ ፎጣ ካልወረደ ጫማ አይወረወርም፣ ጫማ ካልተወረወረ አሸዋ አይረገጥም፣ አሸዋ ካልተረገጠ ባሕር አይቀመስም።

አደባባዩ ላይ ፓኮ ጉንጩን ደግፎ ተቀምጧል።

"ቁልፉን ስጠኝ፣ ጋሼ ፓኮ።"

"ቁልፌን ለሰው አልሰጥም። ጨዋታው ሲያልቅ ራሴ እሄዳለሁ።"

"መቼ ያልቃል?"

"ራሞንን ጠይቂው።"

ሽማግሌው ራሞን የመጨረሻዋን ዶሚኖ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዟታል። "ሰርዲን ሳልበላ አልጥላትም! ሰርዲን ጠባሿ ኮንሱዌሎ ዓሣዋን ከልክላኛለች!"

ሰርዲን ካልተበላ ዶሚኖ አያልቅም፣ ዶሚኖ ካላለቀ ቁልፍ አይመጣም፣ ቁልፍ ካልመጣ ፎጣ አይወርድም፣ ፎጣ ካልወረደ ጫማ አይወረወርም፣ ጫማ ካልተወረወረ አሸዋ አይረገጥም፣ አሸዋ ካልተረገጠ ባሕር አይቀመስም። አያችሁልኝ? ለአንድ ጠብታ ውሃ!

ኮንሱዌሎ መንገዱ ዳር ሰርዲን ትጠብሳለች። ራሞን ሲባል ገና ጉንጯ ቀላ። "ትናንት በሰው ፊት 'ጨው በዝቶበታል' አለኝ! የማንም ወገን ያልሆነ ሰው ቀምሶ ካልፈረደ አንድ አጥንት አይቀምስም። እንቺ፣ አንቺ ቅመሺ!"

የትርንጎ ሆድ ጮኸ። አፏ ግን ሆዷን አላማከረም። "አይ፣ ግድ የለም፣ አሁን በልቼ ነው" አለችና፣ "በሞቴ" እስክትባል ጠበቀች።

ኮንሱዌሎ ትከሻዋን ነቅንቃ ዓሣውን ወደ ፍሙ መለሰች።

ፍርድ ካልተሰጠ ሰርዲን አይበላም፣ ሰርዲን ካልተበላ ዶሚኖ አያልቅም፣ ዶሚኖ ካላለቀ ቁልፍ አይመጣም፣ ቁልፍ ካልመጣ ፎጣ አይወርድም፣ ፎጣ ካልወረደ ጫማ አይወረወርም፣ ጫማ ካልተወረወረ አሸዋ አይረገጥም፣ አሸዋ ካልተረገጠ ባሕር አይቀመስም።

ይኼኔ ርካሹ አውቶቡስ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ትርንጎ እናቷን አሰበች። "በሞቴ" የሚል ጋባዥ አልተገኘም፤ ስለዚህ ራሷን ጋበዘች። "በሞቴ፣ ትርንጎ" አለች በአማርኛ፤ "እሺ" ብላም መለሰች፤ ከዚያ ወደ ኮንሱዌሎ ዞረችና እጇን ዘረጋች። "ስጪኝ!"

አንድ በላች። ለፍርዱ እንዲመች ሁለት ደገመች። "ጨዉ ልክ ነው!" አለች።

ትርንጎ ፈረደች፣ ኮንሱዌሎ ሰርዲን ላከች፣ ራሞን በላና ዶሚኖውን ጣለ፣ ፓኮ ተሸነፈና እየተራገመ ተነሳ፣ ቁልፉ መጣ፣ ሰገነቱ ተከፈተ፣ ዶኛ ፒላር "ሁለት ፎጣ ልስጥሽ?" አለች፣ ትርንጎ "ስጪኝ!" አለች፣ ፎጣው ተወረወረ፣ ሽታዬ እግሯን ዘረጋች፣ ጫማው ተወረወረ፣ አሸዋው ተረገጠ።

ባሕሩ መጥቶ ጣቷን ነካ። "አይ፣ ግድ የለም" አለችና ሸሸች፤ ልማድ አይደል? ባሕሩ ሄዶ ተመለሰ። ሸሸች። ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ለካ እዚህ አገር ደጋግሞ መጋበዝ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው! ትርንጎ ጎንበስ አለችና በእፍኟ ቀመሰች፤ ወዲያው ስልኳን አወጣች።

"እማዬ!"

"እህ፣ ልጄ! ጨው ነው?"

"ጨው ነው፣ እማዬ። የጨመረበት ሰው እጁን አልመጠነም።"

"ታዲያ ምን ዝም ይላሉ? ውሃ አይጨምሩበትም?"

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። የተረፈ ሰርዲን ካለ ስጡኝ፤ እኔን ሁለቴ መጠየቅ አያስፈልግም።