ለምለሚት በሯን የዘጋች ዕለት

«ልጄ፣ አደራ ያስቀመጥሽው አይጠፋም፤ የሚጠፋው በርሽን የዘጋሽበት ነው።»

ይህን ያለቻት እናቷ ናት፤ ድሮ፣ ለምለሚት ከሰፊው ውሃ ወጥታ ወደ ዋቅላሚ ቤት ልትገባ ስትነሣ። ጆሯችሁ አለ? ካለ ልተርትላችሁ።

ዋቅላሚ ማለት ያቺ ለዓይን እንኳ የማትሞላው፣ ኩሬውን አረንጓዴ የምታለብሰው ደቃቅ ናት። በሆዷ ውስጥ የቤቱ አዛውንት አባ አስኳልና አረንጓዴዋ ለምለሚት ይኖራሉ። ለምለሚት የፀሐይን ብርሃን ፈጭታ ቤቱን ሁሉ ትመግባለች። ስትገባ ጓዟ ብዙ ነበርና፣ የወፍጮዋን ጥበብ አብዛኛውን ለአባ አስኳል አደራ ሰጠች፤ ጥቂቱን በጓዳዋ አስቀረች። ከዚያ ወዲህ አባ አስኳል በዚያው ጥበብ የሠለጠኑ ባለእጆችን ይልክላታል። በግንባራቸው ጉንጉን አስረው ይመጣሉ፤ ደጇ ላይ ፈትተው ስለሚገቡ፣ እሷ ጉንጉኑን ልብ ብላ አይታው አታውቅም።

አንድ ቀን እትዬ ጓጉንቸር ቅጠሏ ላይ ተጎልታ፣
«ስሚ ለምለሚት! ድካሙ ያንቺ፣ ጥበቡ የሰው! አባ አስኳል እኮ ከነነፍስሽ ወርሶሻል። እኔ ብሆን በሬን ዘግቼ ራሴን እችል ነበር፤ ቋ!» አለቻት።

ነገሩ ለምለሚትን አንገበገባት። በሯን ዘጋች፤ በመቀርቀሪያ ቀረቀረች።

ያን ዕለት ፀሐይ ከረረች። ወፍጮው ጋለ፤ መጁ፣ ያ የላይኛው ድንጋይ፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዋቅላሚ መገርጣት ጀመረች። ሳይመሽ ካልተጠገነ ቤቱ በሙሉ መሞቱ ነው።

ኳ ኳ!
«ማነው?»
«ጥላ ዘርጊው ነኝ፤ ፀሐይዋን ላብርድልሽ።»
«ራሴን ችያለሁ! ሂድ!»

ኳ ኳ!
«ማነው?»
«ወቃሪው ነኝ፤ ድንጋይሽን ልውቀርልሽ።»
«ድንጋይ ከጓዳዬ አላጣም! ሂድ!»

እውነትም ከጓዳዋ አዲስ መጅ አወጣች። ግን ያልተወቀረ ድንጋይ ምን ይፈጫል? ብርሃኑ እየተንሸራተተ አመለጣት።

ኳ ኳ!
«አሁን ደግሞ ማነው?»
«ገጣጣሚዋ ነኝ። እኔ አልለምንሽም፤ ይህን ጉንጉን ብቻ እይና አባርሪኝ።»

በበሩ ስንጥቅ ሰደደችላት። ለምለሚት ዳሰሰችው። ወደ ግራ ተጠምዟል፣ ወደ ቀኝ ተመልሷል፣ ጫፉ ላይ ድርብ ቋጠሮ።

«የእናቴ አጎነጓጎን! ከጥበቤ ጋር አደራ የሰጠሁት!» አለች። «ለካ አልወረሰኝም፤ ጠብቆልኝ ኖሯል!»

መቀርቀሪያውን ሳበችው። «ግቡ! ሦስታችሁም ግቡልኝ!»

ጉንጉናቸውን እየፈቱ ገቡ። አንዱ ጥላ ዘረጋ፣ አንዱ ድንጋዩን ቀጭ ቀጭ አድርጎ ወቀረ፣ አንዷ መጁን በቦታው ገጠመች። ወፍጮው ጮኸ! ብርሃኑ ደቀቀ! ዋቅላሚ ለመለመች፤ አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አራት እየሆኑ ኩሬውን ሞሉት! የትንፋሻቸው አረፋ ከሥር ተንፎለፎለና የእትዬ ጓጉንቸርን ቅጠል ገለበጠው።

«ማነው የሚገፋኝ?» አለች ውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቀች።

«ራሷን የቻለችው ናት፤ ከነዘመዶቿ!» አለቻት ለምለሚት እየሳቀች።

አባ አስኳልም ከወዲያ፣ «ልጄ፣ አደራሽን የምጠብቀው ያንቺን ዱቄት እየበላሁ አይደል?» አላት።

እናንተም ያዙት፦ የኩራት መቀርቀሪያ ሌባ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ዘመድን ነው።

ለምለሚት ግን መቀርቀሪያውን አልጣለችውም። ሰበረችና ወፍጮዋ እንዳይናጋ ከሥሩ ሽብልቅ አድርጋ አስገባችው።