ባዶ የመሰለው ወለል

«አንድ የሥጋ ዶሮ አርቢ ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ድንበሩ። ውድነሽ የሕፃናት ማቆያ ከከፈተች ገና ወሯ ነው፤ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ስለሆነ፣ ካሉት ላይ ሌላ ያንኑ ያህል ሕፃን ብቀበል ምን አለበት ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ሰውየው የዶሮ ቤቱን ወለል በሰጋቱራ ጎዘጎዘና ለፋሲካ የሚደርሱ ጫጩቶች አስገባ። ማሞቂያው ሥር ተሰብስበው ሲተኙ የወለሉን ሲሶ እንኳ አልያዙም። ጫጩቶቹን የሸጠለት ሰው የቀረውን ቦታ እንዳይነካው ነግሮታል። እሱ ግን በሩ ላይ በቆመ ቁጥር ዓይኑ የሚሄደው ወደ ባዶው ነው። ጾሙ ሲፈታ ከተማው ሁሉ ዶሮ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ወለል ሥራ ፈትቶ ይክረም?

ሚስቱ «ተው አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ እኮ ጫጩት ሆነው አይቀሩም» አለችው።

«ሲያድጉ ጠጋ ጠጋ ይላሉ። ለዶሮም ሳሎን ልትሠሪ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት፤ ሌላ ያንኑ ያህል ጫጩትም አመጣ።

ጫጩቶቹ አደጉ። ወለሉ ላይ ከላባ በቀር የሚታይ ጠፋ። ሰጋቱራው ረጥቦ ተጋገረ፤ በሩ ሲከፈት የኩሱ ሽታ ዓይን ያስለቅስ ጀመር። ሰውየው ከመግባቱ በፊት ቆሞ ጆሮውን ይጥላል፤ ሲገባም መጀመሪያ የሚያየው እግሩ ሥር ነው። አንድ ማለዳ የፈራውን አገኘ። ኩሱ ደም ነበረው።

የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠውና የታመሙትን ዛሬውኑ ለይተህ አስቀምጥ አለው። ሰውየው ክንፏን የጣለች አንዲት ዶሮ አንሥቶ አቀፈና ዞር ዞር ብሎ አየ። በአራቱም ማዕዘን ዶሮ ነው። እንዳቀፋት ትንሽ ቆመ። ከዚያ መልሶ እዚያው መሐላቸው አወረዳት።

በበዓሉ ዋዜማ ሰው ዶሮ አንጠልጥሎ በደጁ ሲያልፍ፣ እሱና ሚስቱ ጓሮ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር።

ጋሽ ድንበሩ ወደ ውድነሽ ዞሩ።

«ያንቺም ቤት እንደዚያው ነው፣ ልጄ። ሕፃናቱ ዛሬ ስለሚተኙ ቦታው የተረፈ መሰለሽ። ነገ ሲድሁና ሲሮጡ የሚሞሉት እነሱው ናቸው፤ ዛሬም የእነሱ ነው። ደግሞስ አንዱ በትኩሳት የነደደ ዕለት፣ አቅፈሽ የት ታስተኚዋለሽ?»