አህያና የህልሙ ጅብ

የተከበራችሁ ሰዎች፣ በአህያ ህልም ስለማስቸግራችሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተረቴን ብትሰሙ ለጆሯችሁ፣ ባትሰሙ ለእንቅልፋችሁ።

አንድ አህያ በተኛ ቁጥር ጅብ ያሳድደዋል፤ ሊበላው አፉን ሲከፍት ባንኖ ይነሳል። እንቅልፍ ስላጣ ጭነት እንደተሸከመ እያንጎላጀ ይወድቅ ጀመር። ጌታውም «አንዴ ደግሞ ከወደቀ ሜዳ ላይ ጥዬው እሄዳለሁ» አለ። ሜዳው ላይ ደግሞ የእውነቱ ጅብ አለ።

አህያው ህልሙን ለአውራ ዶሮ ነገረው። «ወንድሜ፣ ፍቺው ግልጽ ነው፤ ጅብ ይበላሃል» አለው ዶሮው። አህያው ያን ዕለት ጭራሽ ዓይኑን ሳይከድን አደረ።

በማግስቱ ለእማማ ኤሊ ነገራቸው።

«ከዚያስ፣ ልጄ?»

«ከዚያማ እነቃለሁ።»

«እንግዲያው አላለቀም። አንተው ጨርሰው።»

አህያው ፈራ ተባ እያለ፣ «በርግጫ መንጋጋውን እለዋለሁ» አለ።

«እሰይ! እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

በየቀኑ ከነርግጫው አስደገሙት። የህልሙ ጅብ መምጣቱን ባይተውም እያደር ራቅ ብሎ መቆም ጀመረ። በመጨረሻ መንጋጋውን በሻሽ አስሮ መጣና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ በሰላም እንደር» አለው።

አህያው እስኪነጋ አንኮራፋ፤ ጭነቱንም ሳይወድቅ ገበያ አደረሰ።

አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙ፤ አህያው ደህና እንደሚተኛ ጌታው ከሰማ ጭነት ይጨምርበታል።