ዋሾው ባለሰይፍ በእድራችን አዳራሽ

ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ለምን ይጣፍጠኛል? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ስዞር ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ ስማር እንኳ እጄን አውጥቼ መጠየቅ ስላፈርኩ፣ መልሱን ሳላገኝ ተመረቅሁ። በኋላ ያገኘሁት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ የእድር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ምንውየለት የቻይና የሰይፍ ፊልም አሳየን። ምንውየለት ልብስ ሰፊ ነው። እሑድ እሑድ ግን የእድሩን አዳራሽ ለምኖ፣ መስኮቱን በለቅሶ ድንኳን ጋርዶ ፊልም ያሳያል፤ ከማሳያው አጠገብ ቆሞም ንግግሩን በአማርኛ ይነግረናል። ይህ ነገር ለእድሩ ሊቀ መንበር ለጋሽ ልየው አልተዋጠላቸውም። የዚያን ዕለት ጓጉንቸር ይዘው መጡና፣ «አይቼ እፈርዳለሁ። ቁም ነገር ከሌለው አዳራሹ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል» ብለው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ባለሰይፍ ለሟች ጓደኛው ሚስት ባሏ እንዴት እንደሞተ ይተርክላታል። ቢጫ ቅጠል እንደ ዝናብ ይወርዳል። ባልዬው ቀይ ካባ ለብሶ፣ በዛፎቹ ጫፍ ላይ እየተንሳፈፈ፣ ከአንድ ሠራዊት ጋር ብቻውን ይዋጋል። ሰይፉ የሚወርደውን ቅጠል መሃል ለመሃል ሲሰነጥቀው ድምፁ ይሰማል። እኔ መተንፈስ ረሳሁ። ጋሽ ልየውም «ወንድ! ወንድ ማለት ይሄ ነው!» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ።

መጨረሻ ላይ ግን እውነቱ ታየ። ቅጠል የለ፣ ካባ የለ። ሰውየው ከጠብ ሲሸሽ ጭቃ አዳልጦት፣ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነው የሞተው።

ጋሽ ልየው ብድግ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ! ያ ሁሉ ውጊያ የት ሄደ?»

«አልነበረም፣ ጋሼ» አለ ምንውየለት።

«ታዲያ ማን ነው የዋሸው? ሽማግሌው ነው አንተ ነህ?»

«ኧረ ሽማግሌው ነው! እኔ የነገረኝን ነው የነገርኳችሁ።»

«ይሄን የሚያህል ሽበት አብቅሎ ይዋሻል? ለዚያውም ለሐዘንተኛ! በቃ፣ ይሄ ለልጆቻችን መርዝ ነው። ድንኳኑን አውርድልኝ!»

ጓጉንቸሩን ከፍ አድርገው አሳዩን። እሑዳችን ማለቋ ነበር። እኔ በልቤ ረጅም ክርክር አዘጋጀሁና እንደ ልማዴ ዋጥኩት። ምንውየለት ወንበር ላይ ወጥቶ ድንኳኑን መፍታት ጀመረ። እየፈታ፣ ዞር እንኳ ሳይል ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ በየቀብሩ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፈው የሚያነቡልን እርስዎ አይደሉ?»

«ነኝ! አንድም ቤተሰብ አሳፍሬ አላውቅም!»

«እግዜር ይስጥልን። እስኪ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እርስዎ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ እዚህ ሰፈር ክፉ ሰው ሞቶ ያውቃል?»

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት፣ ባላቸውን አምና የቀበሩት እትዬ ጥሩዬ ነበሩ። ሳቃቸው አዳራሹን ሁሉ ይዞት ሄደ። ጋሽ ልየው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ እትዬ ጥሩዬን አዩ፣ መልሰው ዘጉት። ጓጉንቸሩን ኪሳቸው ከተቱና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያቺን የቅጠሏን ቦታ መልሰህ ክፈታት» አሉ።

እኔም መሞቴ ካልቀረ፣ ጋሽ ልየው በሕይወት እያሉ እንዲሆን ወሰንኩ።