ስሙን ያስበላው ጆንያ

ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው። ወደቡ ምጽዋ ይሁን አሰብ በትክክል አላስታውስም፤ የጆንያዎቹም ቁጥር ሊዛነፍብኝ ይችላል። ከተሳሳትሁ አርሙኝ። ዋናውን ነገር ግን አልረሳሁትም።

አንድ የሰሊጥ ጆንያ ነበረ፤ አያ ጆንያ ይሉታል። ከመተማ ተነሥቶ በከባድ መኪና ሲንገጫገጭ ባሕሩ ዳር ደረሰ። ኩሊዎቹ በመንጠቆ ወጉት፣ በትከሻ ተሸከሙት፣ መርከቡ ሆድ ውስጥ ከሦስት መቶ ወንድሞቹ አናት ላይ ወረወሩት። ሁሉንም ቻለው። ማዶ አገር አንድ ሐላዋ ሠሪ ይጠብቀዋል፤ ሙቀት ሳያሻግተው ከደረሰ ሐላዋ፣ ያ የሰሊጥ ጣፋጭ፣ ይሆናል። ምኞቱ ይኸው ብቻ ነበር።

የመርከቡ ሆድ ገና ሳይከደን፣ የሰሊጡ ነጋዴ ወኪል ከላይ ጠረጴዛ አስመጥቶ ሦስት ወረቀቶች ዘረጋ። ሦስቱም እኅትማማቾች ናቸው፤ መልካቸው አንድ፣ ቃላቸው አንድ። የመርከቡ አዛዥ ፈረመባቸው፣ ማኅተምም መታባቸው።

"እነዚህ በአውሮፕላን ይቀድማሉ" አለ ወኪሉ፣ በሁለት ጣቱ እያነሣ።

የአያ ጆንያ ሆድ በቅናት ተቃጠለ።

"እመት ወረቀት! ክብደትሽ ስንት ነው?" ብሎ ወደ ላይ ጮኸ።

"ኧረ እኔ ምን ክብደት አለኝ፣ አያ?" አለች ታላቂቱ።

"ታዲያ እኔን በመንጠቆ፣ አንቺን በጣት? እኔን በባሕር፣ አንቺን በሰማይ? የማን ልጅ ነሽ?"

"አይቆጡ፣ አያ። እኔ ላይ የተጻፈው እኮ የእርስዎ ስም ነው።"

አያ ጆንያ ማንበብ አያውቅም። "ስሜ ምን ሊሠራ አንቺ ላይ ይወጣል? ቀላማጅ!" አላት።

ወኪሉ ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ ከትቶ ጠረጴዛው ላይ ተወና ከአዛዡ ጋር ሻይ ሊጠጣ ገባ። ይኼኔ አያ ጆንያ በስፌቱ ውስጥ ተደብቃ አብራው የመጣችውን አይጥ ጠራት።

"አይጢት፣ መንገዱን ሙሉ ሰሊጤን ስትቅሚ ዝም አልኩሽ። ዛሬ ውለታዬን መልሺ። ያቺን ኩሩ ብዪልኝ።"

አይጢት በፖስታው ግርጌ ገብታ ታላቂቱን ቆረጣጥማ ፍርፋሪ አደረገቻት።

"በቃ?"

"መካከለኛይቱስ? እሷም ልትበር አይደል?"

መካከለኛይቱንም ቆረጣጠመቻት።

"አሁንስ በቃህ? አፌ ቀለም ቀለም አለኝ።"

ታናሺቱ ከፖስታው ውስጥ ለመነች። "አያ፣ እኔን እንኳ ይተዉኝ! ከሦስታችን አንዳችን ከደረስን ለእርስዎ ይበቃል።"

ይህ ይብሱን አናደደው። "ደግሞ ለእኔ አሳቢ ሆነሻል? ብዪያት!"

በላቻት። ወኪሉ ምንም ሳይጠረጥር ፖስታውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወረደ፤ መርከቡም ተንቀሳቀሰ። አያ ጆንያ ባሕሩን የተሻገረው እያንጎራጎረ ነው።

ማዶ ሲደርስ መጋዘን አገቡት።

"ወረቀትህ የታለ?" አለው ዘበኛው።

"የምን ወረቀት? ሰሊጡ እኔ ነኝ! ይኸው፣ አሽትተኝ!"

"መሽተትስ ትሸታለህ። የማን እንደሆንህ ግን አላውቅም። ቁጭ በል።"

በማግስቱ የጉምሩክ ሹም መጣ።

"ወረቀትህ የታለ?"

"ሰሊጡ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ! ባሕሩን ያቋረጥሁት እኔ!"

"አንተን ማን ካደህ? ስምህን ያየሁበት የለም እንጂ። ቁጭ በል።"

በሦስተኛው ቀን ሐላዋ ሠሪው ራሱ እየሮጠ መጣ። ከጆንያው ቆንጠር አድርጎ ቀመሰ።

"የኔ ነው! ስጠብቀው የከረምሁት ይኸው ነው!"

"ወረቀቱን ወዲህ በል" አለው ዘበኛው።

ሐላዋ ሠሪው ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ ገለበጠው። ፍርፋሪ ብቻ ረገፈ። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አንዷን ቁራጭ አነሣና አነበበ።

"'ሰሊጥ' ትላለች። የማን እንደሆነ የሚናገረው ግን የለም። መልእክት ላክ፤ ሌላ ጽፈው ይላኩልህ።"

"እስከዚያ ይሻግታል እኮ፣ ወንድሜ!"

"እኔ ምን ላድርግህ?"

አያ ጆንያ ያን ጊዜ ገባው። "ለካ ስሜ ነበረች!" አለ። የሰማው አልነበረም።

ልጆቼ፣ ቀልሎት የሚሄደውን ስታዩ ከእናንተ ቀምቶ የሄደ አይምሰላችሁ። ከመቅናታችሁ በፊት ምን ይዞ እንደሚሄድ ጠይቁ፤ ምናልባት የያዘው የእናንተን ነው።

ወሬውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከማዶው ወደብ ከተመለሰ አንድ መርከበኛ ነው። ሰሊጡ መሻገት ጀምሯል አለኝ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ግን ከመጋዘኑ ጥግ፣ "እመት ወረቀት፣ መጣሽ?" የሚል ድምፅ ይሰማል አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማሁት የለም።