ከመስታወት ጀርባ የከረመው ጠርሙስ

ያልተሠራበት ትምህርት ይበላሻል ወይ? ትርሲት ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ተሸክማዋለች፤ ማንንም ግን ጠይቃ አታውቅም። ጥያቄው የጀመራት በኬሚስትሪ በማዕረግ በተመረቀች በሁለተኛው ወር፣ እናቷ ወድቀው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ባለ ጊዜ ነው። ሥራ ልትይዝ የተዘጋጀችው ልጅ እናቷን ልታስታምም ቤት ቀረች። የምረቃ ፎቶዋ ሳሎን ባለው ቡፌ ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመ። ባለፈች ባገደመች ቁጥር ታየውና «ይሄኔ ሁሉም ጠፍቶኛል» ትላለች በልቧ።

አሁን እናቷ ድነዋል። ምርኩዛቸውን ጥለው ገበያ ይወጣሉ፤ ከሻጭ ጋር ይከራከራሉ። የእሳቸው መዳን ግን ለትርሲት ሌላ ጭንቅ ይዞ መጣ። የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር አጥቶ ላቦራቶሪው ከተዘጋ ቆይቷል። ርዕሰ መምህሩ ሰው ልከው «ነይልን፤ እስከ ዓርብ መልስሽን አሳውቂን» ብለዋታል። ቤት የምትቀመጥበት ምክንያት አልቋል፤ የቀረው ፍርሃቷ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት በፌስታል ይዛ እትዬ ዘነቡ ቤት ሄደች። እትዬ ዘነቡ ሠላሳ ዓመት ባልትና ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ሰፈሩ ስለ ምግብ ሲከራከር ዳኛው እሳቸው ናቸው። ትርሲት ደግሞ ዓይን አፋር ናት፤ አንድ ነገር ለመጠየቅ ሌላ ነገር ይዛ የምትሄድ ዓይነት።

«ሐኪሙ እማዬን ቅቤ ቀንሺ፣ የወይራ ዘይት ሞክሪ ብሏት ነበር» አለች።

«መቼ ነው ያላት?»

«ስምንት ወር ይሆነዋል።»

«እና እስካሁን አልከፈትሽውም?»

«የጀርባውን ጽሑፍ አንብቤ ጨርሻለሁ» አለች ትርሲት። «አጠቃቀሙን በደንብ ሳላውቅ እንዳላበላሸው ብዬ ነው።»

እትዬ ዘነቡ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጠርሙሱን ተቀበሏት፤ ወደ መስኮቱ አዙረውም አዩት። «አመራረጥሽስ ደግ ነው። ጠርሙሱ ጥቁር ነው፣ ብርሃን አያስገባም። የተጨመቀበት ዓመት ተጽፎበታል። ያ ያልተጻፈበትን ርካሽ ነው ብለሽ አትግዢ።» ከፈቱት፤ በማንኪያ ጠብ አድርገው አሸተቱና ቀመሱት። ትንሽ አሳላቸው። «ጉሮሮ ቆንጠጥ ያደርጋል። አትደንግጪ፣ ይሄ ደግነቱ ነው። አልፎበት ቢሆን አሮጌ ለውዝ ለውዝ ይልሽ ነበር።»

«እንዴት ልጠቀምበት ታዲያ?»

«ሽንኩርት እስኪጨስ የምታቁላዪበት አይደለም። ለእሱ ተራው ዘይት ይበቃል። ይሄን ሽሮው ከወረደ በኋላ አንድ ማንኪያ ጠብ አድርጊበት። ሰላጣ ላይ፣ ፉል ላይ እንዲሁ። ጎመን በለዘብተኛ እሳት ብታበስዪበትም ይሆናል። ከምድጃው አጠገብ ብቻ እንዳታስቀምጪው፤ ሙቀት አይወድም። ከከፈትሽው ደግሞ አትሰስቺ፣ ብሉት።»

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች፤ ጠርሙሱን መልሳ በፌስታሉ ጠቀለለችው። ግን አልተነሣችም።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ማንኪያውን እያየች ተናገረች። «እትዬ፣ ያልተሠራበት ትምህርትስ ይበላሻል?» ከዚያ የዓርቡን ቀጠሮ ነገረቻቸው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ፣ ልጆቹ ፊት ስቆም ባዶ ብሆንስ?»

እትዬ ዘነቡ ቀጥታ አልመለሱላትም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና እንዲህ ብለው ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። ኢየሩሳሌም ሊሳለም ሄዶ አንድ ዘይት ጨማቂ ቤት በእንግድነት አደረ። ሊመለስ ሲነሣ ጨማቂው ከዚያው ሳምንት ዘይት አንድ ጥቁር ጠርሙስ ሞልቶ ሰጠው። «ይህ ጠጅ አይደለም፤ ሲቆይ አይበስልም። ዓመት ሳይሞላው ብሉት» አለው። ሰውየውም እሺ አለ።

አገሩ ሲገባ ግን ዘይቱ እንዲሁ የሚበላ መስሎ አልታየውም። በእሱ አገር ወይራ እንስራ የሚታጠንበት እንጨት ነው፤ ዘይት ይወጣዋል ቢሏቸው የሚያምኑ አልነበሩም። ስለዚህ የመጣው ሰው ሁሉ እንዲያየው ከቡፌው መስታወት ጀርባ አስቀመጠው። የገና ጾም ሲገባ ሚስቱ «እንክፈተው» አለችው፤ «ለክቡር እንግዳ ነው» አላት። ልጁ ክርስትና ሲነሣ ደግማ ብትጠይቀው «ለሠርጉ ይሆናል» አለ። በየበዓሉ ያወጣዋል፤ አቧራውን ይጠርጋል፤ ክብደቱን በእጁ መዝኖ ይመልሰዋል። ሰው ጠርሙሱን ሲያደንቅለት ደስ ይለዋል፣ ክዳኑን ሲነካበት ይደነግጣል። ዘይቱን ትቶ ሌላ ቦታ ማደርም ተወ።

ዘይቱን ባመጣ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ሰውየው በጠና ታሞ እህል አልቀምስ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ ሽሮ አቀረበችለትና ጣፈጠው። «ዛሬ ምን አድርገሽበት ነው?» አላት። «ሽምብራው አዲስ ነው» አለችው። በማግስቱም በላ፤ በሳልስቱም በላ። ፋሲካ ሳይደርስ ከአልጋው ተነሣ።

ሰባት ዓመት አለፈ። ብዙ ዘመን ኢየሩሳሌም የኖሩ አንድ መነኩሴ በዚያ አገር ሲያልፉ ቤቱ ገቡ። ሰውየው «የጠበቅሁት እንግዳ መጣ» ብሎ ጎረቤቶቹን ጠራ። ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ይዞ አወጣና ከፈተው፤ ከመነኩሴው ሽሮ ላይም አፈሰሰላቸው። መነኩሴው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ልጄ፣ ይህ የኑግ ዘይት ነው» አሉ።

ሰውየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «የወይራውን ማን በላው?»

«አንተ ነህ የበላኸው» አለችው። «ያኔ እህል አልቀምስ ያልክ ጊዜ በየቀኑ አንድ አንድ ማንኪያ ጠብ አደርግልህ ነበር። ሲያልቅ እንዳታዝን ብዬ ኑግ ሞላሁበት። ኑጉም ከርሞ እንዳይበላሽ በየዓመቱ እቀይረዋለሁ።»

የሰውየው ፊት ጠቆረ። ሊናገር አፉን ሲከፍት መነኩሴው ቀደሙት። «ሰባት ዓመት ከዚህ መስታወት ጀርባ ከርሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምታቀርብልኝ የማይበላ ነበር። ይህ ግን ትኩስ ነው» አሉና እንጀራቸውን አጠቀሱ።

ሰውየው ጠርሙሱን አየ። ከአልጋ የተነሣበት ቀን ትዝ አለው። ያ ሁሉ ዘይት መድረሻው ጠፍቶት እንዳልቀረ፣ የሚጠብቀውም ነገር ከእንግዲህ እንደሌለ ገባው። ሰባት ዓመት አፍኖ የያዘው ትንፋሽ የወጣለት ያህል ቀለለውና ተቀምጦ ከመነኩሴው ጋር በላ። በማግስቱ ቤቱን ለሚስቱ ትቶ ሩቅ ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሄደ። ሦስት ሌሊት እዚያው አደረ።

እትዬ ዘነቡ እዚህ ላይ አበቁ። ትርሲት ትንሽ አሰበችና «ግን እኮ ሴትየዋ አታላዋለች» አለች።

«አታላዋለች። እሱን ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርሰው። እኔ አንቺ የጠየቅሽኝን ነው የምመልሰው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ሰውየው አንቺ ነሽ። ሴትየዋም አንቺው ነሽ። ያን ፎቶ እያየሽ ተበላሸብኝ ትያለሽ። የለም፣ ልጄ፤ ተበልቷል። የጎረቤትሽ ሠራተኛ በረኪናና አሲድ ደባልቃ ሽንት ቤት ስታጥብ፣ ሽታው ገና አጥር ሳይሻገር ሮጠሽ ያወጣሻት በምንሽ ነው? እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ፤ ሁላችንም ምን እንደሆነ አላወቅንም። የሰፈራችን የወርቅያንሽ ልጅ ዛሬ ነርስነት የምትማረው በማን ነው? በሐምራዊው ጥቅል ጎመን ውሃ ኮምጣጤውንና ሳሙናውን በቀለሙ መቀየር ስትለዪላት፣ እናትየው የወጥ ጎመኔን ጨረሱብኝ እያለች በየቤቱ ስትከሳችሁ ነበር።»

ትርሲት ሳታስበው ሳቀች።

«እናትሽስ? የመድኃኒቷን ወረቀት ሁሉ እያነበብሽ ሐኪሙን ስትጨቀጭቂው አልነበረም እንዴ? ዩኒቨርሲቲው የሞላልሽን ዘይት እሷ በልታዋለች፤ በልታም ተነሥታለች። አሁን በጠርሙስሽ ያለው ያኔ የተሰጠሽ አይደለም፤ በየዓመቱ ራስሽ የቀየርሽው ነው። ኑግ ነው በይው። ግን ትኩስ ነው። ለእነዚያ ልጆች ደግሞ የሚበላ እንጂ የሚታይ አያስፈልጋቸውም።»

«መጽሐፉ ተቀይሯል ይላሉ» አለች ትርሲት፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«የዘይት ጠርሙስ ጀርባ ስምንት ወር ያነበበች ልጅ መጽሐፍ ሊያቅታት ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ማታ ትርሲት ሽሮውን አውርዳ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጠብ አደረገችበት። እናቷ ጎረሱ፤ ቆም አሉ፤ ደግመው ጎረሱ።

«ሽሮው ዛሬ ምን ሆኗል?» አሉ።

ሽምብራው አዲስ ነው ልትል ምላሷ ላይ መጣና ተወችው። «የወይራ ዘይቱን ከፈትኩት፣ እማዬ። ለርዕሰ መምህሩም ደውያለሁ። ሰኞ ማስተማር እጀምራለሁ።»

«ዛሬ ገና ረቡዕ አይደል? መልሱን ዓርብ ነው ያሉሽ መስሎኝ።»

«ዓርብማ» አለች ትርሲት እንጀራ እየጨመረችላቸው፣ «ሄጄ የላቦራቶሪውን ቁልፍ እቀበላለሁ።»